የእመት አህያ እንስራ

ተረት ተረት፤ ጆሯችሁን ስጧት።

እመት አህያ ለበጋው የውሃ ዕቃ ሊገዙ ገበያ ወጡ።

“እኔ የሳምንት ውሃ እይዛለሁ” አለ አንገተ ቀጭኑ እንስራ።

“የኔ ትንሽ ናት፤ ስደፋት ግን ባንዴ ነው” አለ ባልዲ።

“አንተንማ በሁለት ጉንጭ ጭልጥ አደርግሃለሁ!” ብለው ሳቁና እንስራውን ገዙ። ቤት ገብተውም እስከ አንገቱ ሞሉት።

በማግስቱ ጎረቤታቸው ዝንጀሮ ምንጣሮ ሲያቃጥል፣ ፍንጣሪው የእመት አህያ ድርቆሽ ላይ አረፈ። ሮጠው እንስራውን ዘንበል አደረጉት። ውሃው ቡልቅ... ቡልቅ... እያለ በቀጭኑ ይወርዳል፤ እሳቱ ግን ይጋልባል።

“ኧረ ቶሎ በል፣ ድርቆሼ አለቀ!”

“አንገቴ ይኸው ነው እሜቴ፤ ከዚህ በላይ አያሳልፍም።”

ድርቆሹ አመድ ሲሆን የእንስራው ውሃ ገና ግማሹ እንኳ አልወጣም ነበር።

“አይዞዎት እመት አህያ” አላቸው እንስራው፤ “ገና የአራት ቀን ውሃ አለዎት።”