ማመልከቻ ጸሐፊው የነቀለው ገመድ

አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበረ። ቆይ፣ አታቋርጠኝ፤ ጥያቄህን ሰምቼዋለሁ። «ወንድሜን አላምነውም፤ ታዲያ ሊያስታርቁን ከተቀመጡት ሽማግሌዎች ፊት ተነሥቼ ብወጣ ምን አጠፋሁ?» ነው ያልከው። እንግዲያው ስማኝ።

ይህ ሰው ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ የሰው ክህደት ሲጽፍ ነው የሚውለው። ባል ሚስቱን፣ ወንድም ወንድሙን ሲከስ እየሰማ የሚውል ሰው ማንን ያምናል? «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» ከአፉ አይለይም። አሮጌ ኮምፒውተሩ ውስጥ የሟች አባቱን ቅኔዎች ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለቅሞ ጽፎ አስቀምጧል። ሌላ ቅጂ የለም። ለምን ቢሉት፣ ይሰርቁኛላ!

ኮምፒውተሩ ለመነሣት ግማሽ ሰዓት ይፈጅ ጀመር፤ ዲስኩም ቀጭ ቀጭ ይላል። ጨነቀው። ተሸክሞ ወደ አንዲት ኮምፒውተር ጠጋኝ ሄደ።

«ጋሼ፣ ዲስኩ ሊሞት ነው» አለችው። «ያለውን ሁሉ ወደ አዲስ ዲስክ እገለብጥልዎታለሁ። ግን ማሽኑ ከአዲሱ ዲስክ መነሣት አያውቅበትም። ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ባዮስ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ እሱም መታደስ አለበት።»

በሆዱ፣ «ዲስኩ አልበቃ ብሏት ባዮስ ጨመረችልኝ» አለ። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ሻይ ቢሉት «ጠጥቻለሁ» አለ፤ ሽንት ቤት እንኳ አልሄደም። ግልበጣው እንዳለቀ አሮጌው ዲስክ ጸጥ አለ፤ ሞተ። የአባቱ ቅኔ ያለው አሁን አዲሱ ላይ ብቻ ነው።

«አሁን ባዮሱን አድሳለሁ። ስክሪኑ ለዐሥር ደቂቃ ይጠቁራል። አደራ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን እንዳይነኩት፤ መሐል ላይ ከተቋረጠ ማሽኑ ይሞታል» አለችው።

ስክሪኑ ጠቆረ። ወዲያው ስልኳ ጮኸ። ወደ በሩ ሄዳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታወራ ጀመር። ለማን ነው? ስለ ምንድን ነው? ቅኔዎቹን ልትሸጥበት ነው! ጸሐፊው ዘሎ ገመዱን ከሶኬቱ ነቀለው።

ማሽኑ ከዚያ ወዲያ አልተነሣም።

«አንቺ ሌባ! የአባቴን ቅኔ የት አደረስሽው?» ብሎ ጮኸ።

እሷ አዲሱን ዲስክ አውጥታ የራሷ ኮምፒውተር ላይ ሰካችው። የአባቱ ቅኔዎች አንድ ፊደል ሳይጎድል ወጡ። «ንብረትዎ ይኸው» አለች። «የሞተው ማሽኑ ነው፤ በማይነካበት ሰዓት ነክተውት። እኔ ለባሌ ‹ሰው ይዣለሁ፣ ምሳ ብሉ› እያልኩት ነበር።»

ሌባ ባላት ሴት ኮምፒውተር ላይ የአባቱን ቃል እያነበበ አቀረቀረ።

አየህ ልጄ፣ መጠርጠርህን አልነቅፍም። ሳይጀመር ጠይቅ፣ መርምር፣ ዋስ ጥራ፤ ካላመንክም ተመለስ። ከተጀመረ በኋላ ግን የሚጨልም ሰዓት አለ፤ ወንድምህ ዝም የሚልበት፣ ሽማግሌዎቹ የሚንሾካሾኩበት። አንተ ሦስቴም ተነሥተህ የወጣኸው እዚያች ሰዓት ላይ ነው፤ «መከሩብኝ» ብለህ። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ የሚንሾካሾኩት አንተን እንዴት እንደሚያስታርቁህ ነበር። ጸሐፊውስ ሌላ ኮምፒውተር ይገዛል። አንተ ሌላ ወንድም ከየት ልትገዛ ነው?