በሳንጃ ርቀት

ከመካከላችሁ ሰው በሳንጃ ወግቶ የሚያውቅ አለ? እጁን ያወጣ አላየሁም። ጥሩ። እንግዲያው ጥያቄውን ልለውጠው፤ ፊቱን ሳታዩ ሰው ወግታችሁ ታውቃላችሁ? አሁን ምነው ሁላችሁም ወለል ወለሉን ማየት ጀመራችሁ?

ቆዩ። መልሳችሁን በኋላ እፈልገዋለሁ። መጀመሪያ አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ።

አንድ ወታደር ነበር። ዕድሜው አምሳን ያለፈ፣ ቁልቁለት ሲሆን ጉልበቱ የሚያስቸግረው ሃምሳ አለቃ። ዋቅጅራ ይባላል፤ ወታደሮቹ ግን "ባሻ" ይሉታል። በጦር ሰፈሩ ውስጥ ሳንጃ የሚያስተምር የቀረው እሱ ብቻ ነው። በየጠዋቱ በገለባ የተሞላ ጆንያ እንጨት ላይ ይሰቅላል፤ በጆንያው ላይ በከሰል ፊት ይሥልበታል። ወታደሩ ሳንጃውን ጠመንጃው አፍ ላይ ሰክቶ ሲንደረደር ሁለት እርምጃ ሲቀረው ያስቆመዋል።

"ዓይኑ ወዴት ያያል?" ይለዋል።

ያልመለሰ አይወጋም። ሕጉ ይህ ነው።

እንዴት እንደሚስቁበት ልንገራችሁ? ሽኩር የሚባል መትረየስ ተኳሽ ነበር፤ አንደበቱም እንደ መትረየሱ የማያርፍ። "ባሻ፣ ድሮን ሲመጣ ዓይኑን ልጠይቀው?" ይላል። "እኔ ይህን ሳንጃ የምፈልገው ለኮቾሮ ነው። ይሄ የደረቀ ብስኩት ጥርሴን ጨረሰው እኮ!"

"ለኮቾሮም ይሁን" ይላል ዋቅጅራ ሳይቆጣ። "ቆርቆሮም ክፈትበት፣ ገመድም ቁረጥበት። አሁን ግን ዓይኑን ንገረኝ።"

ወገኖቼ፣ በሽኩር አትፍረዱ። ልክ ነው። የተማሩት ሁሉ ከእሱ ጋር ናቸው። የጻፉትን አንብቤዋለሁ፤ ጠላት ከተራራ ማዶ በሚመታበት ዘመን ሳንጃ ለሰልፍ ማሳመሪያ የሚሆን ብረት ነው ይላሉ። የሰፈሩ አዛዥ መቶ አለቃ ናሁሠናይም እንዲሁ ያምን ነበር። ወጣት ነው፣ አንባቢ ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም። የሳንጃው ትምህርት ቀርቶ ሰዓቱ ለመገናኛ ሬዲዮ ሥልጠና እንዲውል ለበላይ አካል ሁለት ገጽ ጽፏል። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እጽፍ ነበር።

ግን ስሙ።

ክረምት ነው። ጦሩ አንድ ጋራ ላይ ምሽግ ይዟል። ጠዋት ላምቤቦ የሚባል አሥር አለቃ ስድስት ሰው አስከትሎ ውሃ ሊቀዳ ወርዷል። ደንቡ በምዕራብ ወርዶ በምዕራብ መመለስ ነው። በምሥራቅ በኩል የሚመጣ ጠላት ነው፤ የበላይ ትእዛዝ ነው፣ በምሥራቅ የታየ ይመታል።

ረፋድ ላይ ጉም ወረደ። በዚያው ጉም ውስጥ፣ በምሥራቁ ገደል በኩል፣ ጥላዎች ታዩ። ጎብጠዋል። ጀርባቸው ላይ ሣጥን የመሰለ ነገር አዝለዋል። ሽኩር መትረየሱ ላይ ተኛ።

"የሞርታር ጥይት ነው የተሸከሙት" አለ። "ጌታዬ፣ ይፍቀዱልኝ።"

"ስንት ናቸው?" አለ ዋቅጅራ ከኋላ።

"አምስት... ስድስት። አንድ ደግሞ ከኋላ አለ።"

"ሰባት ናቸዋ።"

መቶ አለቃው ዞሮ አየው። "ጠላት ሰባት መሆን አይችልም፣ ባሻ?"

"ይችላል፣ ጌታዬ።"

ሬዲዮ ሞከሩ፤ የላምቤቦ ሬዲዮ አይመልስም። ጮኸው የይለፍ ቃል ጠየቁ፤ ከሥር የሞላው ወንዝ ድምፃቸውን ዋጠው። ጥላዎቹ እየቀረቡ ነው። ትእዛዙ ግልጽ ነው። ናሁሠናይ ቢተኩስ ማንም አይጠይቀውም፤ ባይተኩስና ጠላት ቢሆኑ ግን ምሽጉ ውስጥ ያሉት ሠላሳ ሰዎች ያልቃሉ። ይህን ልብ በሉልኝ። ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ዋቅጅራ ጠጋ አለው። "ጌታዬ፣ አራት ሰው ይስጡኝና ልውረድ። እስክንደርስ አይተኩሱ። ጠላት ከሆኑ ከወንዙ በላይ፣ አጠገባቸው ሆነን ስንጮህ እርስዎ ይሰሙናል፤ ያኔ ይተኩሱ።"

"እናንተ መሐል እያላችሁ?"

"እኛ መሐል እያለን።"

መቶ አለቃው ሰዓቱን አየ። "አሥር ደቂቃ" አለ።

ዋቅጅራ ወደ አራቱ ዞረ። አንዱ ሽኩር ነው፤ መትረየሱን ለረዳቱ አስረክቦ ጠመንጃ ይዞ መጥቷል። "ካዝና አውልቁ" አላቸው።

"ጥይት ሳንይዝ?" አለ ሽኩር። "ባሻ፣ አብደሃል?"

"ጉም ውስጥ የፈራ ጣት ባለቤቱን ሳይጠይቅ ይተኩሳል። ሳንጃ ብቻውን አይሄድም፤ ይዘኸው መሄድ አለብህ። ሰካ!"

ወረዱ። ድንጋዩ ያንሸራትታል። ዋቅጅራ ጉልበቱ እየከዳው ሦስቴ ተቀመጠ። ሽኩር ቀደመው። ከሽኩር ፊት ያለው ጉም ሲጠቁር ለዋቅጅራ ታየው፤ ሰው ነው፤ ሁለት እርምጃ ላይ ነው። የሽኩር ትከሻ ወደ ፊት ሲወረወርም አየ። መድረስ አይችልም። ሊጮህ አፉን ከፈተ።

ያን ጊዜ ሽኩር ራሱ ጮኸ።

"ዓይኑ መሬት ነው! መሬት ነው የሚያየው!"

ሊዋጋ የመጣ ሰው መሬት መሬት ያያል? አያይም። ሽኩር ስለቱን ወደ ጎን ጠመዘዘው። ግን ክንዱ ተወርውሯልና መመለስ አልቻለም፤ ሳንጃው በሰውዬው ብብት ሥር አልፎ የተሸከመው ነገር ላይ ተሰካ። በሽኩር እጅ ላይ አንዳች ነገር ፈሰሰ። ደም መስሎት ዓይኑን ጨፈነ።

"ኧረ በፈጠረህ!" አለ ጥላው። "አንተ ሽኩር! ጀሪካኑን በሳኸው እኮ! ከዚያ ገደል ተሸክሜው ወጥቼ!"

ላምቤቦ ነበር። ከኋላው ስድስቱ፣ ጀሪካን አዝለው፣ ሸራ ተከናንበው። ሽኩር እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ይስቅ ይሁን ያለቅስ አይታወቅም፤ እርጥብ እጁን ደጋግሞ ያያል።

"ለምን በምሥራቅ መጣችሁ?" አለ ዋቅጅራ ደርሶ።

"የምዕራቡን መሻገሪያ ወንዙ ሞላብን። ሬዲዮውም ውሃ ገባበት።"

"በምሥራቅ የመጣ እንደሚመታ አታውቅም?"

ላምቤቦ ግራ ገብቶት አየው። "እናውቃለን። ግን እናንተ ናችኋ! ታውቁናላችሁ ብለን ነዋ!"

ታውቁናላችሁ ብለን። ሰማችሁ? ሰባት ሰዎች የገዛ ወንድሞቻቸው አፈሙዝ ፊት በዚህ እምነት ወጡ።

መቶ አለቃ ናሁሠናይ ምሽጉ አፍ ላይ ቆሞ ሲገቡ አንድ በአንድ ትከሻቸውን እየነካ ቆጠራቸው። ሰባተኛው ከገባ በኋላም እጁ አልወረደም። የጻፈውን ሁለት ገጽ ግን አልቀደደም፤ የተማረ ሰው ነውና ሐሳቡን እንዲህ በቀላሉ አይጥልም። ከሥሩ ሁለት መስመር ጨመረበት። "ሳንጃ ጠላትን ለመግደል ያለው ጥቅም ትንሽ መሆኑን አሁንም አምናለሁ። ወታደሩ ማንን እንደሚገድል እንዲያይ የሚያስገድደው ሌላ መሣሪያ ግን አላገኘሁም፤ ትምህርቱ ይቀጥል።"

ወገኖቼ፣ ስለ ጦርነት ልሰብካችሁ አልመጣሁም። ሳንጃ የተቀደሰ ነገር ነው አልልም፤ አንጀት የሚያወጣ ብረት ነው። የምለው አንድ ነገር ነው። ከሩቅ የሚመታ መሣሪያ ሁሉ ይቅር የማይባል አንድ ምቾት ይሰጣል፤ የምትመታውን ሰው ከማየት ያሳርፍሃል። ደግሞስ እንዲህ ያለውን መሣሪያ ወታደር ብቻ የያዘው ይመስላችኋል? ስልካችሁስ? ሐሜታችሁስ? ስም የሌለው ወረቀትስ?

እህታችን የሺመቤት በዚህ ጉባኤ አሥራ አንድ ዓመት ልጆቻችሁን አስተምራለች። ፊደል ያስቆጠረቻቸው፣ መዝሙር ያስያዘቻቸው እሷ ናት። ከሦስት ሳምንት በፊት ለሽማግሌዎች ደብዳቤ ደረሰ። ፊርማ የለውም። "ቤቷ ውስጥ ያለው ወንድ ወንድሟ አይደለም" ይላል። ሽማግሌዎችም አነበቡ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከማስተማር አገዷት።

እኔ ሐሙስ ዕለት ቤቷ ሄድኩ። ሄዶ ለማየት ከዚህ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ሰውዬው ግራ ጎኑ የማይንቀሳቀስ በሽተኛ ነው፤ በማንኪያ ነው የምታጎርሰው። አንድ እናት ነች የወለደቻቸው፤ ፊታቸውን ያየ ሰው ምስክር አይፈልግም። እኔን ሲያይ "ከቤተ ክርስቲያን ሰው መጣ፣ እሰይ" ብሎ አለቀሰ። ለካስ እስከዚያ ቀን ማንም አልመጣም!

"ለምን ለሽማግሌዎች አላስረዳሽም?" አልኳት።

"አሥራ አንድ ዓመት አብረውኝ ኖረው፣ ስለ ወንድሜ ማስረዳት አለብኝ እንዴ?" አለችኝ።

ተናድጄያለሁ፤ አልደብቃችሁም። ደብዳቤውን በጻፈው ሰው ተናድጄያለሁ፤ እሱ ቢያንስ ፈሪ ነው፣ የፈሪ ሥራ ሠራ። ከእሱ ይልቅ የተናደድኩት ግን ሥልጣን ይዛችሁ፣ ጊዜ ኖሯችሁ፣ እግር ኖሯችሁ፣ ሃያ ደቂቃ መሄድ ያቃታችሁ እናንተ ላይ ነው።

ስለዚህ ዛሬ በጸሎት አልዘጋም። የሺመቤት እዚያ በር አጠገብ ተቀምጣለች። ደብዳቤውን የጻፍክ ወይም የጻፍሽ፣ ተነሡና ፊቷን እያያችሁ የጻፋችሁትን ድገሙላት። እናንተም ሽማግሌዎች፣ ስድስታችሁም ፊት ወንበር ላይ ናችሁ፤ ወደ እሷ ዙሩ። ከማገዳችሁ በፊት ከእናንተ ቤቷ የሄደ ማን ነው? በየተራ፣ ስማችሁን እየጠራችሁ፣ ጉባኤው ሁሉ እየሰማ መልሱላት።