ከፈፋው የበቀለው

አንድ ሰው ነበረ፤ ወፍ የሚጠላ። ጥያቄህን መሸሼ አይደለም። «የኔታ፣ ቅኔ የማስተምራቸው ልጆች ጥቂት ሲገባቸው ጥለውኝ ወደ ሌላ አገር ይሄዳሉ፤ ጉባኤዬን ልበትን?» አልኸኝ። እንግዲያው ስማኝ።

ይህ ሰው በጓሮው አንዲት ቁጥቋጦ ነበረችው። ጥቁር ፍሬዋ ተፈልቶ ሲጠጣ ሳል ያስታግሳል፤ በዚያ አገር ሁሉ ሌላ የለችም። ነገር ግን አርጅታለች፤ ግንዷም ነቅዟል። ከዘሯ ካላበቀለ መጥፋቷ ነው፤ ይህ ጭንቀት እንቅልፍ ነሣው።

ስለዚህ ፍሬዋ በደረሰ ቁጥር ወንጭፉን ይዞ ከሥሯ አይጠፋም። ያረፈችውን ወፍ ሁሉ ይጥላታል፤ የወደቀችውን አንሥቶ ከአጥሩ ጀርባ ወዳለው ፈፋ ይወረውራል።

«አንተ ሰውዬ፣ ወፍ ምን አደረገችህ?» አለችው ሚስቱ።

«ዘሬን እየበላችብኝ! ከዚህ በላይ ምን ታድርገኝ?»

ምርጥ ምርጡን ፍሬ ለቅሞ፣ መደብ አዘጋጅቶ ዘራ። ውሃ አጠጣ፤ ዳስ ሠራለት። አንድ ክረምት አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ። አንዲት ቅጠል እንኳ ብቅ አላለችም። በሦስተኛው ዓመት ቁጥቋጦዋ ደረቀች። ወፎቹም ከቀሩ ቆይተዋል።

አንድ ቀን የጠፋች ፍየል ሲፈልግ ወደ ፈፋው ወረደ። ክው ብሎ ቀረ! የገደላቸውን ወፎች በጣለበት ቦታ፣ በላባና በአጥንት መካከል፣ የዚያች ቁጥቋጦ ችግኞች ለምልመው ቆመዋል። ጎንበስ ብሎ አንዱን አየው፤ ከአንዲት ወፍ የጎድን አጥንቶች መሐል ነው የወጣው። ለካ ያ ዘር በወፍ ሆድ ካላለፈ አይበቅልም! ሰውዬው እጁን በአፉ ጫነ።

«ዘሪዎቼን ነው የጨረስኋቸው!» ብሎ ጮኸ። ሚስቱ ሰው የሞተ መስሏት እየሮጠች ወጣች።

አየህ ልጄ፣ ባለ ቁጥቋጦው አንተ ነህ፤ ወፎቹም ተማሪዎችህ። በልተውኝ ሄዱ ትላለህ። አንተስ? ሰባት ዓመት ከእኔ የለቀምኸውን ይዘህ፣ ሳትሰናበተኝ አልነበረም የወጣኸው? ያን ቀን አልቅሻለሁ። ልረግምህም አፌን ከፍቼ ነበር፤ መልሼ ዘጋሁት። ያን ቀን ወንጭፌን አንሥቼ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ልበትነው የምትለው ጉባኤ ባልኖረህ ነበር።