ጠጠር ያልተጣለለት ጉርሻ

ልጆች ጠጋ በሉ፤ ትልልቆቹም ብትሰሙት አይጎዳችሁም። ድሮ ድሮ፣ አውሬ ሁሉ ጎረቤት በነበረበት ዘመን፣ ስሟ በተረሳ አገር፣ ማር አጥብቆ የሚወድ አንድ አያ ዝንጀሮ ነበር።

አያ ዝንጀሮን ውሃ አላረካው አለ። ወንዝ ወርዶ ይጠጣል፣ ቀና ሲል ይጠማዋል። እግሩ ላይ የወጣች ትንሽ ቁስልም አልሽር አለችው። ዝንጀሮ ደግሞ ሲመሽ ገደል ላይ ወጥቶ ካላደረ የነብር ራት ነው። ጨነቀው፤ እያነከሰ ወደ መድኃኒት አዋቂዋ ወደ እመት ኤሊ ሄደ።

እመት ኤሊ ከቁስሉ በፊት ደጇ ሲደርስ የሸናበትን ቦታ አየች። ጉንዳን ወሮታል።

«አያ ዝንጀሮ፣ ስኳር ይዞሃል» አለችው። «መራራ ሥር አለኝ፤ ግን የሚመጠነው እንደምትበላው ነው። ቢያንስ አያሽርህም፣ ቢበዛ ይጥልሃል። እንካ ይህን ቅል። ጣፋጭ ስትበላ ነጭ ጠጠር፣ ሣርና ቅጠል ስትበላ ጥቁር ጠጠር ጣልበት። አዲስ ጨረቃ በታየች ቁጥር አምጣልኝ፣ አይቼ እመጥንልሃለሁ።»

«ይህማ ቀላል ነው» አለ።

ሲመለስ እመት ጦጣን ከግንድ ውስጥ ማር ስትቆርጥ አገኛት።

«አያ ዝንጀሮ፣ ና እንጂ ቅመስ።»

ቅሉን አየና ምራቁን ዋጠ። ቆየት ብሎ ግን ፊቱ በራ። «ኤሊ ያለችኝ ስትበላ ጣል ነው። ጉርሻ የአጉራሹ ሥራ ነው፤ እኔ አፌን ከመክፈት በቀር ምን አደረግሁ? እጄ ያልነካውን ጠጠር አያውቀውም። በይ አጉርሺኝ።»

አጎረሰችው። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብላ ደገመችው።

በማግስቱ ጃርት ሸንኮራ ይዞ መጣ። «እጄ ያልነካውን ጠጠር አያውቀውም፤ አጉርሰኝ።» ጉሬዛም የበሰለ ሾላ ይዞ መጣ። «እጄ ያልነካውን ጠጠር አያውቀውም፤ አጉርሰኝ።» ብቻውን ሣር ሲግጥ ግን ጥቁር ጠጠሩን አይረሳም።

ጨረቃ ታየች። ጉንዳኖቹ እንዳያሳብቁበት መንገድ ላይ ሸንቶ ሄደ። እመት ኤሊ ቅሉን ገልብጣ አየች፤ ጥቁር በጥቁር ነው። «ጎበዝ» አለችና ከሥሩ ጥቂት ቆርሳ ሰጠችው። ቁስሉ ሰፋ። ሌላ ጨረቃ ታየች፤ አሁንም ጥቁር፣ አሁንም ጥቂት ሥር። ቁስሉ መግል መቋጠር ጀመረ።

አንድ ምሽት ገደሉን ሲወጣ እግሩ ከዳው። ተንሸራተተ። ነብር ከታች ዘሎ የጅራቱን ጸጉር ነጨበት። እንደ ምንም ተንጠላጥሎ ገደሉ ላይ ወጥቶ አደረ።

ሲነጋ አውሬውን ሁሉ ሰብስቦ እመት ኤሊ ደጅ ቆመ። ቅሉን ብዙ ከማየቱ የተነሣ ራሱም አምኖታል። «መድኃኒትሽ ውሃ ነው» አላት። «አንድ ነጭ ጠጠር ከተገኘብኝ ዓይኔ ይጥፋ። በአንቺ ምክንያት ነብር ሊበላኝ ነበር።» ተናገረ፣ ተናገረ፣ ሽንቱ መጣ። «አንዴ ቆዩኝ» አለና ከቁጥቋጦው ጀርባ ዞር አለ።

ወዲያው ጉንዳን በአውሬዎቹ እግር መሃል ተሰልፎ ወደ ቁጥቋጦው ይተም ጀመር።

«እነዚህ ማንን ሊጠይቁ ነው?» አለች እመት ኤሊ። «አያ ዝንጀሮ፣ ማር በልተሃል?»

«እጄ አልነካውም። አጉርሰውኝ ነው።»

«እኔስ እንግዳ ማክበሬ ነው» አለች እመት ጦጣ፣ አንገቷን ደፍታ። አውሬው ሳቀ።

እመት ኤሊ ግን አልሳቀችም። «ሆድህ የገባውን ሁሉ የማን እጅ አመጣህ ብሎ ይጠይቃል? እኔ እስከ ዛሬ ያከምኩት ቅሉን ነው። ቅሉ ደህና ነው፤ የታመምከው አንተ ነህ።»

አያ ዝንጀሮ እግሩን አየ፤ ገደሉን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ነጭ ጠጠር ይለቅም ጀመር። ያጎረሱትም እያስታወሱ አገዙት፤ ቅሉ ነጭ በነጭ ሆነ። እመት ኤሊም ሥሩን እንደ እውነቱ መጠነችለት። ውሎ አድሮ ቁስሉ ጠገገ፣ ገደሉንም ወጣ። ከዚያ ወዲህ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ሲሉት፣ ከአፉ በፊት የሚከፍተው ቅሉን ሆነ፤ አጉራሹ መጀመሪያ ጠጠር ይጥላል።

እኔ ተረቴን እዚህ ላሳርፈው፤ እናንተ ይቺን ይዛችሁ ግቡ፦ ጉርሻው በሰው እጅ፣ ሕመሙ በራስ ደጅ።