ሁለት ሴንሰሮች፣ አንድ ቃል

አንድ ሰው ነበረ። አንዲት የቤንዚን የጭነት መኪና ነበረችው፤ ከቆላ ቲማቲም እየጫነ ወደ ደጋው ገበያ ይወጣባታል። ሚስቱና አራት ልጆቹ የሚበሉት ከእሷ ነው። ፀዳለ ልጄ፣ የእድራችን ዳኛ ሆነሽ «የማይዋሽ ሰው እንዴት ሐሰት ያመጣል? መልእክተኛችንን ላሰናብተው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛልና መልሱ ከዚህ ሰው ዘንድ ነው።

በዚያ ገበያ የቲማቲም ነጋዴዎቹ ሴቶች መኪናን የሚያውቁት በድምፁ ነው። ገና ከዳገቱ ግርጌ ሲያጓራ ይሰሙና «የእንትና መጣ» ብለው ሣጥናቸውን ይዘው ይነሣሉ። የሰውየው መኪና ግን ጨዋ ነበረች፤ ድምፅ የላትም። እሱ ሲደርስ ሴቶቹ ከሌላው ገዝተው ጨርሰዋል። ቲማቲም ደግሞ እስከ ነገ የሚታገሥ ነገር አይደለም። ስለዚህ አንድ በያጅ ዘንድ ወሰዳትና የጭስ ማውጫዋን አስቆርጦ፣ ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታ አስወጥቶ፣ ከሞተሩ ሥር ጀምሮ ወፍራም ቧንቧ አስበየደላት። ከዚያ ወዲያ ምን ልበልሽ፣ ድምፅዋ ሸለቆውን ይሞላው ጀመር። ሴቶቹም ሳይደርስ ይሰለፉለታል።

በሦስተኛው ሳምንት መኪናይቱ ዳገት ላይ ታቃስት ጀመር። ቤንዚን እንደ ውሃ ትጠጣለች፣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፤ ከመሪው ፊትም አንዲት ቢጫ መብራት በርታ አልጠፋ አለች። ጋራዥ ወሰዳት። በጭስ ማውጫው ላይ ኦክስጅን ሴንሰር የሚሉት አውራ ጣት የሚያህል ዕቃ አለ፤ ሥራው ጭሱን እያሸተተ ምን ያህል አየር እንደተረፈበት ለሞተሩ መንገር ነው። ሞተሩም የእሱን ቃል ሰምቶ ቤንዚኑን ይጨምራል፣ ይቀንሳል። የጋራዡ ሰው በመሣሪያ ቢያነበው ሴንሰሩ «አየር በዝቷል፣ ቤንዚን አንሷል» ይላል።

ሰውየው ሳቀ። መኪናይቱ ቤንዚን ጠግባ እያገሳች ይኼ አነሳት ይላል። ውሸታም ነው ብሎ አስነቀለውና አዲስ ገዝቶ አስገጠመ። በማግስቱ አዲሱም ያንኑ ተናገረ፤ አየር በዝቷል፣ ቤንዚን አንሷል።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይናደድ ነበር። እሱን ግን ገረመው። ሁለት የማይተዋወቁ ምስክሮች፣ አንዱ ከሌላው ሳይሰማ፣ አንድ ዓይነት ውሸት ከየት ያመጣሉ? የጋራዡ ሰው ሽቦውን ነቅሎ መብራቷ ላይ ፕላስተር እንዲለጥፍባት መከረው፤ ብዙዎች እንዲያ ያደርጋሉ አለው። ሰውየው እጁን ወደ ሽቦው ዘረጋና ተወው። ነገሩ ሳይገባው መተው አልሆንልህ ቢለው፣ ሥራ ወደተዉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነዳት።

ሽማግሌው አንዲት ብሎን አልፈቱም። በማግስቱ ጠዋት መኪናይቱ ገና ሳትሞቅ አስነሧትና የጭስ ማውጫዋን አፍ በእርጥብ ጨርቅ አፍነው ያዙ። ለሰውየው የሳሙና ውሃ ሰጥተው፣ ከሥር ገብቶ ቧንቧውን እንዲቀባ አዘዙት። ሰውየው እየቀባ ሄደ። ከሴንሰሩ በላይ፣ ወደ ሞተሩ አንድ ስንዝር ያህል ቀረብ ብሎ፣ ብየዳው ላይ አረፋ ቡፍ ቡፍ ሲል አየ። ከሥር እንደተኛ ሽማግሌውን ጠራቸው።

ጭስ በግፊት በግፊት እንደሚሄድ፣ በየመሃሉ ቧንቧው በዚያች ቀዳዳ የውጭ አየር እንደሚስብ ሽማግሌው አስረዱት። ሴንሰሩ ያንን አየር አሽትቶ ያሸተተውን ነገረ፤ ሞተሩም አምኖት ቤንዚን ጨመረ።

«ሴንሰሩ አልዋሸህም» አሉት። «የውጭ አየር ያስገባህበት አንተ ነህ። ትርፉ ቤንዚን የሞተሩን ዘይት እያጠበው ነው፤ ትንሽ ብትቆይ ሞተሩን ታጣው ነበር።»

ብየዳው ተደፈነ፣ ማርሚታውም ተመለሰ። ያንን ውሸታም የተባለውን አሮጌ ሴንሰር መልሰው ቢያስገጥሙት እውነቱን ተናገረ። ሰውየውም ከዚያ ወዲህ ዳገቱ ግርጌ ሲደርስ ሦስት ጊዜ ክላክስ ያደርጋል፤ ሴቶቹ ሣጥናቸውን ይዘው ይነሣሉ። ይኼ ዘዴ ቀድሞ ለምን እንዳልታየው እኔንም ይገርመኛል።

እንግዲህ ፀዳለ፣ መልእክተኛችን ደበላ ያ ሴንሰር ነው። አሥራ አራት ዓመት ቤት ለቤት እየዞረ የታመመውን ሲነግረን አንድ ቀን አልሳተም። አንቺ ስትሾሚ፣ እግሩ እንዳይደክም፣ ሰውም በቀላሉ እንዲያገኘው ብለሽ ሰፈራችን ሱቅ በር ላይ ወንበር ሰጠሽው። ለደግ ነው ያደረግሽው። ከዚያ ወዲህ ግን የሚነግርሽ በዓይኑ ያየውን ሳይሆን በሱቁ በር አላፊ አግዳሚው የሚለውን ነው። የእድራችን አባል እትዬ ባፈና ታመው ሳለ «ደህና ናቸው» እየተባለ ስምንት ቀን ያለ ጠያቂ የተኙት በዚያች ቀዳዳ ነው። እሱን አሰናብተሽ ሌላ ሰው እዚያው ብታስቀምጪ፣ ሌላውም ያንኑ ቃል ያመጣልሻል። ደበላን ከወንበሩ አስነሥተሽ ወደ ሰው ደጅ መልሺው። መጀመሪያ ግን አብራችሁ እትዬ ባፈናን ጠይቁ፤ ብየዳው የማን እንደነበረም አንቺው ንገሪያቸው።