ዳስ የተጣለላት ጌሾ

አንድ ሰው ነበረ። ወንድሜ ደርቤ፣ እንዳንተው ሆደ ቡቡ ነበረ። ልጄ ለመምህርነት ከተመደበችበት ቆላ ተቸገርሁ ብላ ጻፈችልኝ፣ ሄጄ ላምጣት ወይስ ልተዋት ብለህ ጠየቅኸኝ፤ እንግዲህ የዚህን ሰው ነገር ስማ።

ሰውየው ሴት ልጁ ክርስትና በተነሳች ሰሞን ከጓሮው አንዲት ጌሾ ተከለ። የሠርግሽ ጠላ በዚች ይጠመቃል እያለ ልጅቱን ያጫውታት ነበር። ፀሐይ እንዳይነካት ዳስ ጣለላት። ትል ባየ ቁጥር በጣቱ ይለቅማል፤ በጋ ሲሆን ውኃ ተሸክሞ ያጠጣታል። ሚስቱ፣ እኔን መቼ እንዲህ ተንከባክበኸኝ ታውቃለህ እያለች ትስቅበታለች። ጌሾዋም ቅጠሏ ሰፍቶ ለምልማ ጎረቤቱን ሁሉ አስቀናች። ከአጥሩ ውጭ ደግሞ ወፍ የዘራት ሌላ ጌሾ ነበረች። ፀሐይ ይለበልባታል፣ ትል ይበሳሳታል፣ ዞር ብሎ የሚያያት የለም።

የልጅቱ ሠርግ ቀኑ ተቆረጠ። ሰውየው የጓሮዋን ቅጠል በገዛ እጁ ሸምጥጦ አደረቀ፤ ሚስቱ ወቅጣ ጠነሰሰች። በሦስተኛው ቀን ጥንስሱን ቀመሰች፤ ምሬት የለውም። የጌሾ ምሬት የሌለው ጠላ ቶሎ ይበላሻል፤ ለሠርጉ ደግሞ የቀረው ሁለት ሳምንት ነው። እንግዳ ፊት መዋረድ ሊመጣ ነው። ወደ አጥሩ ሄዳ ከዚያች ከተረሳችው ቅጠል ቀጥፋ አኘከች። ፊቷ ተኮማተረ። ከዚያ ባሏን ጠርታ ሁለቱንም አቀመሰችው።

የጓሮዋ ቅጠል ጎመን ጎመን አለው። የአጥሯ ምላሱን ጨምድዳ ያዘችው። ሰውየው እንባው መጣ።

«ምን አጎደልሁባት?» አለ።

«ምንም አላጎደልህባትም» አለችው። «ቅጠል የሚመረው የሚበላው ሲመጣበት ነው። ትሉን ሁሉ አንተ ለቀምህላት፤ ለማን ብላ ትምረር?»

ሠርጉ በአጥሯ ጌሾ ተደገሰ፤ እንግዳውም ጠላውን እያመሰገነ ጠጣ። ሰውየው በማግሥቱ ዳሱን አፈረሰ፤ ትል መልቀሙንም ተወ። ውኃ ማጠጣቱን ግን አልተወም፤ ጧት ጧት እየሄደ ያያታል። ዓመት አልፎ ልጁ ልጅ ወልዳ ስታስነሳ፣ የክርስትናው ጠላ በዚችው በጓሮዋ ጌሾ ተጠመቀ። ሰውየው ቀመሰና ፊቱን አኮማትሮ ሳቀ።

ደርቤ፣ ሰውየው አንተ ነህ፤ ጌሾዋም ልጃችን ዘርፌ ናት። ቆላው የሚያሳያት ሁሉ ነገ የምትቆምበት ጉልበት ይሆናታል። እኔም እወዳታለሁ፣ እኔንም ትናፍቀኛለች። ስንቅ ቋጥርና ሄደህ ጠይቃት፤ ዳሱን ግን ተሸክመህ እንዳትሄድ።