ከሯጩ ትከሻ በስተጀርባ

አንድ ሯጭ ነበር፤ ስሙ አንተሁነኝ ይባላል። የሚኖረው ጉም በማይለያት አንዲት የተራራ ከተማ ውስጥ ነው። ጎህ ሲቀድ እየተነሳ ሰፈሩን በሩጫ መዞር ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። «የዚህን ሰፈር ድንጋይ አንድ በአንድ በስሙ እጠራዋለሁ» ይል ነበር፤ ማንም አላስተባበለውም።

የሰፈሩ ሯጮች ማኅበር ሃያ ሦስት አባላት ነበሩት። መሪያቸው ትርሲት የምትባል፣ አብራቸው የምትሮጥ የስፖርት መምህርት ናት። አንድ ክረምት መግቢያ ላይ ትርሲት የአንድ ሳምንት ጨዋታ አመጣችላቸው። በየማለዳው የሰፈሩን አንድ ቦታ ፎቶ በስልክ ትልክላቸዋለች፤ አንድ ቀን የዘመመ የመብራት ምሰሶ፣ ሌላ ቀን የተሰነጠቀ የድንጋይ ደረጃ። ሯጮቹ በየፊናቸው እየሮጡ ቦታውን ይፈልጋሉ፤ ሲያገኙት እዚያው ፎቶ ይነሳሉ። ከዚያ የሩጫው ማብቂያ ወደሆነው አሮጌ ወይራ ይሄዱና ከሥሩ ቆመው መድረሳቸውን የሚያሳይ ሌላ ፎቶ ይነሳሉ። ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል።

ሰኞ አንተሁነኝ ቀደመ። ማክሰኞም የቀደመው እሱ ነው።

ረቡዕ ጉሙ ከወትሮው ወፍሮ ከአሥር እርምጃ በላይ አያሳይም ነበር። አንተሁነኝ ከወይራው ሥር ቆሞ ስልኩን ወደ ፊቱ ሲያነሳ ከኋላው ቀጭን ድምፅ ሰማ። «ልጄ… ልጄ…» ይላል። ቀጥሎም እንጨት የሚቧጥጥ ነገር ተሰማው። ትከሻው ተሰበቀ። ያ ወይራ ቆሌ አለው ይባላል፤ ከሥሩ ለሚጠራ ድምፅ አቤት ያለ ሰው ውሎ አያድርም ሲባል እየሰማ ነው ያደገው። ዞር ብሎ አላየም። ለፎቶው ያህል ፈገግ አለ፤ ከዚያ ማዳመጫውን ጆሮው ውስጥ ሰክቶ፣ ሙዚቃውን ከፍ አድርጎ ሄደ።

ሐሙስ ድምፁ አልነበረም። እፎይ አለ።

አርብ ረፋድ ላይ ጨዋታው አልቆ ሯጮቹ ሻይ ቤት ተሰበሰቡ። ትርሲት አሸናፊውን ከማሳወቋ በፊት የአንተሁነኝን የወይራ ሥር ፎቶዎች በየቀናቸው ተራ ማየት ጀመረች። ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ወደ መጀመሪያው ተመለሰች። ሦስተኛውን ከፈተችና ስልኩን ወደ እሱ አዞረችው።

«አንተሁነኝ፣ ከኋላህ ያሉት ማናቸው?»

«የት?»

«ከትከሻህ በላይ ተመልከት። በሩ ላይ።»

ከወይራው ጀርባ፣ ስምንት እርምጃ ያህል ራቅ ብላ፣ ቀለሙ የለቀቀ አረንጓዴ በር ያላት ጠባብ ቤት አለች። በሰኞው ፎቶ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ አንዲት አሮጊት መቃኑን ተደግፈው ቆመው አንድ እጃቸውን አንስተዋል። በማክሰኞው ደፉ ላይ ተቀምጠዋል፤ እጃቸው ግን እንደተነሳ ነው። በረቡዑ ፊታቸው አይታይም። ገርበብ ካለው በር ሥር፣ መሬት ላይ፣ ጣቶቻቸው ብቻ ወጥተዋል። በሐሙሱና በአርቡ በሩ ተዘግቷል።

«እስቲ ሁላችሁም የእናንተን አውጡ» አለች ትርሲት።

ሃያ ሦስቱም ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። በእያንዳንዱ ፎቶ ከፊት አንድ ሰው ይስቃል፤ ከኋላ አሮጊቷ ከቀን ወደ ቀን ወደ መሬት ዝቅ እያሉ ይሄዳሉ።

አንዱ ሯጭ «እማማ የሻረግ ናቸው» አለ። «ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ጎረቤቶቻቸው ከተነሱ ወዲህ በዚያ በኩል ሰው አያልፍም።»

«ከእኛ በቀር» አለች ትርሲት።

ሁሉም ወደ እማማ የሻረግ ቤት ሮጡ፤ አንተሁነኝ ከሁሉም ቀድሞ ደረሰ። በሩን ቢገፋው ከውስጥ የተደገፈበት ነገር ነበርና አልከፈት አለው። ቀስ እያለ ሲገፋ ያ ነገር ተንቀሳቀሰ። እማማ የሻረግ ራሳቸው ነበሩ፤ በሩ ሥር ተደፍተው በገላቸው ዘግተውታል። ጎንበስ ብሎ ቀና አደረጋቸው። ከንፈራቸው ደርቋል፤ ዓይናቸውን ግን ገልጠው ያዩታል።

«ዛሬም ፎቶ ልትነሳ ነው ልጄ?» አሉት።

«ይቅር ይበሉኝ እማማ። አላየሁዎትም።»

«ሰኞ ስትስቅ ያየኸኝ መስሎኝ፣ አሁን ይመጣል ብዬ ጠበቅሁህ። ረቡዕ ግን ሰምተኸኛል። ስጠራህ ትከሻህ ሲሰበቅ አይቼዋለሁ።»



ተሸክመው ሆስፒታል አደረሷቸው። እማማ የሻረግ የስኳር ሕመም አለባቸው፤ እሁድ ዕለት የወጋቸው ምስማር እግራቸውን መርዞት ነበር። ነፍሳቸው ተረፈች፤ አንድ እግራቸው ግን ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ሐኪሙ «ሁለት ቀን ብትቀድሙ ኖሮ እግራቸውን እናተርፈው ነበር» አላቸው። ከአርብ ሁለት ቀን ቀድሞ ያለው ረቡዕ ነው።

ሯጮቹ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ቆመው «ሲጣሩ የሰማ ሰው አልነበረም ማለት ነው?» ተባባሉ። ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል። አንተሁነኝ ዝም ሊል ይችል ነበር፤ የሚያውቁት እሱና እማማ የሻረግ ብቻ ናቸው።

«እኔ ሰምቻለሁ» አለ። «ቆሌ መስሎኝ ነው ልላችሁ ነበር። እውነቱ ግን እሱ አይደለም። ቆሌ ነው ብዬ ራሴን ያሳመንሁት ዞር ብዬ ጊዜ ላለማጥፋት ነው።»

ትርሲት በዝግታ «እኔም ሰምቻለሁ» አለች። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያም ሌላው። የሰሙት ዘጠኝ ሆኑ።

ወዳጄ፣ ሰው የሰውን ጩኸት ዝም ብሎ አያልፍም። መጀመሪያ ሌላ ስም ያወጣለታል፤ ቆሌ ነው፣ እብድ ነው፣ ሰካራም ነው፣ ለማኝ ነው ይላል። ስሙ ከወጣለት በኋላ ማለፉ ይቀላል። ስለዚህ የሚያስፈራ ድምፅ ስትሰማ መጀመሪያ ዞር በል፤ ስሙን ከዚያ በኋላ ታወጣለታለህ።

አንተስ፣ አንቺስ፣ በዚህ ሳምንት ስም አውጥታችሁለት ያለፋችሁት ድምፅ የማን ነበር?